የወንዝ ዓሣና የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ

በመስታወት ገንዳ ውስጥ ትናንሽ ዓሦችን አኑሮ መመልከት በሌላው ዓለም የቆየ ልማድ ሲሆን፣ በእኛም አገርና በጎረቤቶቻችን ከተሞች በየሆቴሉ መግቢያ፣ በየሐኪሙ መቆያ ክፍልና በአንዳንድ ባለጸጎች ሳሎን ውስጥ የሚታይ ነገር ሆኗል። ሕፃናት ይወዱታል፤ ሽማግሌዎችም ከሥራ በኋላ ተቀምጠው ሲመለከቱት ድካማቸውን ያስረሳቸዋል። ይሁን እንጂ ከገበያ የተገዛው ዓሣ በሳምንቱ ወይም በዐሥራ አምስት ቀኑ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፎ ሲገኝ፣ ብዙ ሰው «የዓሣ ዕድሜው አጭር ነው» ብሎ በዚሁ ይተወዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በየቤቱ የሚታወቀው ወርቃማ ዓሣ በደኅና ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። በመስታወት ውስጥ ያለ ዓሣ ያለ ዕድሜው ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ውኃው ነው። ስለ ውኃውም ከሚጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ ቀዳሚው፣ ጨው አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ለአፍ ቀላል ይመስላል። ሆኖም የእኛም ሆነ የጎረቤቶቻችን ቋንቋ ጥያቄውን ያወሳስበዋል። ለምሳሌ ያህል በካርቱም የሚገኘውን የካፉሪን ሰፈር እንውሰድ። ካፉሪ ከጥቁር ዓባይ በስተሰሜን ባለው ወገን፣ ካርቱም ባሕሪ በምትባለው ከተማ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት እስኪነሣ ድረስ ባለ አጥር ትላልቅ ቤቶች ያሉበት የባለጸጎች ሰፈር ተብሎ የታወቀ ነበር። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ብዙ ወገኖቻችን በእነዚያ ከተሞች በወጥ ቤት ሠራተኛነት፣ በሞግዚትነትና በልዩ ልዩ ሙያ ተቀጥረው ይኖሩ ነበር። ታዲያ «ባሕሪ» የሚለውን ስም የሰማ ሐበሻ ሁሉ ከተማይቱ ከባሕር ዳር ያለች ይመስለዋል። ነገር ግን የቀይ ባሕር ወደብ የሆነው ፖርት ሱዳን ከዚያ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። «ባሕሪ» ማለት ወደ ባሕር የሚመለከት ማለት ነው፤ ለግብፅ ሰዎች ባሕሩ በሰሜን በኩል ስለ ሆነ ቃሉ ሰሜን ለማለት ያገለግላል። ከዚህም በላይ ዐረቦች ታላቁን ወንዝ ራሱን ባሕር ይሉታል፤ ባሕር አል አዝረቅ ጥቁር ዓባይ፣ ባሕር አል አብየድ ነጭ ዓባይ ነው። እኛም ብንሆን አንሻልም። ባሕር ዳር የተባለችው ከተማ የቆመችው ጨው በሌለበት በጣና ዳርቻ ነው። እንግዲህ ባሕር የሚለው ቃል ስለ ውኃው ስፋት እንጂ ስለ ጨዉ ምንም አይነግረንም።

በካፉሪ በአንድ ትልቅ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመት የሠራች አንዲት እኅት ያጫወተችኝ ነገር ይህንኑ ያሳያል። የቤቱ ጌታ ለልጆቹ ስድስት ወርቃማ ዓሦች ከነመስታወታቸው ገዝቶ ሲያመጣ፣ አስተዳደራቸው በእርስዋ ላይ ወደቀ። ዓሦቹ ከወዴት እንደ መጡ ብትጠይቅ «ባሕሪ» አሏት፤ ከባሕሪ ገበያ የተገዙ ናቸው ማለታቸው ነበር። እርስዋ ግን የባሕር ዓሦች ናቸው ያሉ መሰላት። «ጋሼ፣ የባሕር ዓሣ ጨው ይፈልግ የለም እንዴ? ከአገሩ ወጥቶ የተቸገረ ፍጥረት መሰለኝና፣ የለመደውን ላቅምሰው ብዬ ነው» አለችኝ። በየጧቱ አንዳንድ ጭብጥ የወጥ ጨው ትጨምርላቸው ጀመር። በአምስተኛው ቀን ሁለቱ፣ በሳምንቱ ሁሉም አለቁ። ዋጋቸውም ከደመወዝዋ ተቆረጠ። እርስዋን ግን ከገንዘቡ ይልቅ ዛሬም የሚቆጫት፣ አዝና ያደረገችው ነገር ስለ ምን እንደ ገደላቸው ማንም አለማስረዳቱ ነው። እኔም ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሁት ለእርስዋና እንደ እርስዋ የሌላውን ሰው ዓሣ እንዲጠብቁ ለታዘዙት ብዙዎች መልስ ይሆናል ብዬ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ወጥ ቤት መግባት ይበቃል። ደረቅ ሽምብራ በውኃ ቢዘፈዘፍ ውኃውን እየሳበ ያብጣል። ሥጋ ተዘልዝሎ በጨው ቢታሽ ግን ውኃውን እያንጠባጠበ ይደርቃል፤ ቋንጣ የሚሆነውም በዚሁ ነው። በሁለቱም ላይ የሚሠራው ሕግ አንድ ነው፤ ይኸውም ውኃ ቀጭን ሽፋን በመካከል ሲገባበት፣ የሟሟው ነገር ካነሰበት ወገን ወደ በዛበት ወገን ይጓዛል። የዓሣ ስንጥብ ደግሞ አየርን ከውኃ ለመሳብ እንዲያመች ሆኖ እጅግ የሳሳ ስለ ሆነ፣ ዓሣ ሌሊትና ቀን ከዚህ ሕግ ጋር ሲታገል ይኖራል።

በአንድ ሊትር የሰው ደም ውስጥ ያለው ጨው 9 ግራም ያህል ነው፤ የአብዛኛው አጥንት ያለው ዓሣ ደምም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የዓባይ ውኃ ግን በሊትር አንድ ግራም እንኳ የማይሞላ ጨው ነው ያለው። የውቅያኖስ ውኃ 35 ግራም ያህል፣ ትነት የሚበዛበትና ወንዝ የማይገባበት ቀይ ባሕር ደግሞ ወደ 40 ግራም የሚጠጋ ይዟል። ስለዚህ የወንዝ ዓሣ ከሚኖርበት ውኃ ይልቅ እርሱ ራሱ ጨዋማ ነው፤ የባሕር ዓሣ ግን ከሚኖርበት ውኃ እርሱ ያነሰ ጨው አለው። የወንዙ ዓሣ እንደ ሽምብራው ነው፤ ሳይጠጣ ውኃው በስንጥቡ በኩል እየገባ ሊያሳብጠው ይሞክራል። ስለዚህም ኩላሊቱ ያለ ዕረፍት ቀጭን ሽንት እያበዛ ውኃውን ያስወጣል፤ በሽንቱ የሚወጣበትንም ጥቂት ጨው ስንጥቡ ከወንዙ እየለቀመ ይተካለታል። የባሕሩ ዓሣ በተቃራኒው እንደ ቋንጣው ነው። በውኃ መካከል እየዋኘ ውኃ ይጠማዋል፤ ይህ ለሰሚው ተረት ይመስላል። ስለዚህ ባሕሩን ይጠጣል፣ ሽንቱንም ይቆጥባል፣ የተረፈውን ጨው በስንጥቡ መልሶ ይተፋል። አንሰል ኪስ የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረባው ከዊልመር ጋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ኢል በሚባለው እባብ መሰል ዓሣ ስንጥብ ውስጥ ጨው የሚተፉትን ልዩ ሕዋሳት ለይቶ ገለጸ። ይህ ሰው ኋላ ስለ ስብ ምግብና ስለ ልብ ሕመም ባደረገው ምርምር ስሙ የገነነው ያው ኪስ ነው።

እንግዲህ በወርቃማው ዓሣ ላይ ጨው ሲጨመርበት ምን እንደ ደረሰበት ግልጽ ነው። ሰውነቱ የተሠራው ውኃን ለማስወጣትና ጨውን ለመልቀም ነው። ውኃው ከደሙ የበለጠ ጨው በያዘ ጊዜ ማስወጣት የሚገባውን ጨው መልቀም እንጂ መትፋት አያውቅም፤ ውኃውንም በገዛ ስንጥቡ እያጣ፣ በውኃ ውስጥ ሆኖ ደርቆ ይሞታል። የባሕሩን ዓሣ ከቧንቧ ውኃ ብንከተው ደግሞ የሚጠብቀው ሞት የሽምብራው ነው። ይህኛው በሰዓታት ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲነገር የዓሣ ዘር በሁለት ወገን ተከፍሎ ያለቀ እንዳይመስለን ያስፈልጋል። በማደባ፣ በዛሬው ዮርዳኖስ አገር፣ በ6ኛው መቶ ዓመት በጥቃቅን ባለቀለም ድንጋይ የተሠራ የቅድስት አገር ካርታ አለ። በዚያ ላይ የዮርዳኖስ ወንዝ ወደ ሙት ባሕር በሚገባበት ስፍራ አንድ ዓሣ ፊቱን አዙሮ ወደ ላይ ሲሸሽ ይታያል። የጥንቱ ባለሙያ የጨውን ድንበር በአንድ ዓሣ አሳይቶናል። ነገር ግን ድንበሩን የተሻገሩም አሉ። በዓባይ ውስጥ የሚኖረው፣ በግብፅ ፈሃካ የተባለው ዓሣ ሲደነግጥ ራሱን እንደ ፊኛ የሚነፋ ነው። ዘመዶቹ አብዛኛዎቹ የባሕር ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ እርሱ ግን ዕድሜውን በሙሉ ጨው በሌለበት ወንዝ ይኖራል። የዚህ ተቃራኒ በእኛው በአፋር አለ። ከባሕር ወለል በታች ባለው በአፍዴራ ሐይቅ ዳርቻ፣ ፍል ምንጮቹ ጨዋማውን ሐይቅ በሚቀላቀሉበት ስፍራ ሁለት ዓይነት ትናንሽ ዓሦች ይገኛሉ። አንደኛው የቆሮሶ ዘመድ ሲሆን፣ በሳይንስ ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ ተብሎ የተሰየመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ነው፤ ስሙም ያን በረሃ ላሰሰው ለኢጣልያዊው ለባሮን ፍራንኬቲ መታሰቢያ ነው። ሁለተኛው ጣት የማታክል ሆና እስከ 2001 ድረስ ሳይንሳዊ ስም ሳታገኝ የኖረች ናት። የምንበላው ጨው ብዙው ከሚመረትበት ሐይቅ አጠገብ፣ በዓለም ላይ ሌላ ስፍራ የሌላቸው ሁለት ዓሦች መኖራቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በገበያ ከሚሸጡት ትናንሽ ዓሦችም መካከል እንደነዚህ በድንበር ላይ የሚኖሩ አሉ፤ ገዢውንም የሚያታልሉት እነርሱ ናቸው። ከመካከለኛው አሜሪካና ከሜክሲኮ የመጣው ሞሊ በወንዝም፣ ወንዝና ባሕር በሚገናኙበትም ስፍራ ይኖራል፤ ጥቂት ጨው ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ገፒ የሚባለው ባለ ትልቅ ጅራት ዓሣ ቀስ በቀስ ከተለማመደ ብዙ ጨው ይችላል። ከእስያ የሚመጣውና አረንጓዴ ገላው በጥቁር ነጠብጣብ ያጌጠው፣ የፈሃካ ዘመድ የሆነው ትንሽ ዓሣ ግን በልጅነቱ በወንዝ ውኃ ውስጥ ሆኖ ይሸጣል። ሲያድግ ጨው የተቀላቀለበት ውኃ ይሻል፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ዓሣው ለምን እንደ ከሳና እንደ ደበዘዘ ሳያውቅ ይቀብረዋል። በአንጻሩ ወርቃማው ዓሣ፣ ከአማዞን የሚመጣው ኒዮን ቴትራ፣ የአምባዛ ወገኖችም የወንዝ ዓሦች ናቸው። ብርቱካናማ መልክና ነጭ መቀነት ያለው ክላውን የሚባለው ዓሣ የባሕር ነው። ልጆቻችን «ኒሞ» እያሉ የሚለምኑት ይህንኑ ነው፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሥዕላዊ ፊልም ያመጣብን ጣጣ ነው።

አሁን ጥቂት ስለ ባሕር ውኃ አሠራር እንመልከት፤ በዚህ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ብዙ ነውና። የባሕር ውኃ ማለት የወጥ ጨው የተበጠበጠበት ውኃ ማለት አይደለም። በአንድ ሊትር ውስጥ ካለው 35 ግራም ውስጥ የወጥ ጨው ዓይነቱ 27 ግራም ያህል ነው፤ የቀረው ማግኒዝየም፣ ካልስየም፣ ፖታስየምና ሌላም ማዕድን ነው። ዓሣውም፣ ከእርሱ ጋር የሚኖሩት ዛጎሎችና የባሕር አበቦችም ይህን ሁሉ ይሻሉ። ስለዚህ ለዚሁ ተብሎ በፋብሪካ የተዘጋጀ የባሕር ጨው መግዛት፣ በሚዛን መለካት፣ የውኃውንም ክብደት በመለኪያ መሣሪያ እየተመለከቱ መጠበቅ ግድ ይሆናል። ሊቃውንቱ ለጀማሪ ከ100 ሊትር ያነሰ የባሕር ገንዳ አይመክሩም፤ ውኃው ባነሰ መጠን ጠባዩ ቶሎ ይለወጣልና ነው።

እንደ ካርቱም ባለ ደረቅና ሞቃት አገር ደግሞ ዋነኛው ጠላት ትነት ነው። ውኃ ሲተን ጨዉ አብሮ አይሄድም። 100 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ውስጥ 3,500 ግራም ጨው አለ እንበል። ሰውየው ለጥቂት ቀናት ሳያየው ቀርቶ 10 ሊትር ቢተን፣ ያው 3,500 ግራም በ90 ሊትር ውስጥ ይቀራል፤ ይህም በሊትር ወደ 39 ግራም ይደርሳል። 20 ሊትር ቢተን ከ43 ግራም ያልፋል። የጎደለውን እሞላለሁ ብሎ ጨው ያለበት ውኃ የሚጨምር ሰው ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። በትነት የጎደለ የባሕር ውኃ የሚሞላው ጨው በሌለበት ንጹሕ ውኃ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ባለማወቅ ስንት ገንዳ ባዶውን ቀርቷል! በወንዝ ውኃም ቢሆን የቧንቧው ማዕድን በትነት እየተጠራቀመ ስለሚሄድ፣ የጎደለውን ብቻ መሙላት ስለማይበቃ፣ በየሳምንቱ ከውኃው ከፊሉን ቀድቶ በአዲስ መለወጥ ያስፈልጋል።

ሙቀቱም ሌላ ፈተና ነው። ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው አየር ያንሳል፤ ጨው ሲኖርበት ደግሞ ይብስበታል። በ30 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር የወንዝ ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 7.5 ሚሊ ግራም ያህል ሲሆን፣ የባሕር ውኃ ግን ከ6.2 ያህል አያልፍም። በካርቱም በግንቦት ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ የባሕር ዓሣ በዚያ ከተማ በሕይወት የሚኖረው የአየር መንፊያውና የክፍሉ ማቀዝቀዣ በኤሌክትሪክ እስከ ሠሩ ድረስ ነው።

ትነት የሚያደርሰውን በመስታወት ገንዳ ብቻ ያለ ነገር አድርጎ የሚገምት ሰው ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ አቢጃታ ሐይቅ ቢሄድ ይማራል። አቢጃታ መውጫ የለውም፤ ውኃው የሚቀንሰው በትነት ነው፤ የሚተካለትም በይበልጥ ከዝዋይ በሚመጣው በቡልቡላ ወንዝ ነው። የላይኛው ውኃ ለመስኖ እየተጠለፈ፣ ከሐይቁም ውኃ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ እየተወሰደ ሲሄድ፣ ሐይቁ ሸሸ፤ የቀረው ውኃ ጨዉና ሶዳው በረታ። በዚያ ይኖር የነበረው ቆሮሶ አለቀ። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ ሠርተው ጫጩቶቻቸውን ያሳድጉ የነበሩት ትላልቅ ነጭ የውኃ ወፎች፣ ይበርን እያሉ ወደ አቢጃታ እየመጡ ዓሣ ያጠምዱ ነበርና፣ እነርሱም ገበታቸውን አጡ። የጎደለውን የሚሞላ ንጹሕ ውኃ ሲያጣ፣ ሐይቅ የሚያህል ገንዳም ከዚያ መስታወት ዕጣ አያመልጥም።

ወደ ካፉሪ እንመለስ። ከላይ በተባለው ዕለት ውጊያ በተጀመረ ጊዜ፣ ለአካባቢው ውኃ የሚሰጠው የባሕሪ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ከመጀመሪያዎቹ ቀኖች አንሥቶ ሥራ አቆመ፤ ኤሌክትሪክም ተቋረጠ። ሕዝቡ በባልዲና በጀሪካን ከዓባይ እየቀዳ መጠጣት ግድ ሆነበት፤ ወገኖቻችንም በብዛት ወደ መተማ ሸሹ። ሰው በሚጠማበትና በሚሞትበት ቀን ስለ ዓሣ መናገር ነውር ነው፤ ይህን አጥቼው አይደለም። ሆኖም ሰላም በሆነበት አገርም መብራት ይጠፋል፣ ቧንቧም ይደርቃል። በዚያን ጊዜ የወንዝ ዓሣ ላለው ቤተ ሰብ አንድ ባልዲ የዓባይ ውኃ ብዙ ቀን ያሻግረዋል፤ ከእነዚያም ዓሦች አንዳንዶቹ በዚያው ወንዝ ውስጥ ዘመድ አላቸው። የባሕር ዓሣ ያለው ሰው ግን ከውጭ አገር በመጣ ጨው፣ በመለኪያ መሣሪያና በማያቋርጥ ኤሌክትሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። ከእነዚህ አንዱ ሲቋረጥ ወንዙ ከደጁ እየፈሰሰ ዓሣው ይሞትበታል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ከባሕር ርቆ በሚኖር ቤት፣ በካርቱምም ይሁን በአዲስ አበባ ወይም በመቀሌ፣ የሚገባው ዓሣ የወንዝ ዓሣ ነው። ክላውን ዓሣ ዛሬ በእርባታ ስለሚገኝ ከባሕር መጠመድ አያስፈልገውም የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ስለ ትነቱና ስለ ኤሌክትሪኩ የተባለው በእርባታ በተወለደውም ላይ ይደርሳል። የቀይ ባሕር ዓሦች ውበት የጠማው ሰው ቢኖር፣ በቦታቸው ማየት ይሻላል። የምፅዋና የዳህላክ ሰዎች ከጀልባ ላይ ሆነው ወደ ታች በማየት ብቻ የሚደሰቱበትን ቀለም የትኛውም መስታወት አይይዘውም። በፖርት ሱዳን በኩልም ሰንገኔብ የሚባለው የዛጎል ደሴት ከዱንጎናብ የባሕር ወሽመጥ ጋር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ከዚያ ባልራቀው በሻዕብ ሩሚ ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ በ1963 ከባሕሩ ወለል በታች ቤት ሠርቶ፣ ሰዎች ለአንድ ወር ያህል በዓሦቹ መካከል እንዲኖሩ አድርጎ ነበር። ሰው ወደ ዓሣው ቤት በእንግድነት ገባ ማለት ነው፤ ሥርዓቱም እንዲህ ቢሆን ይሻላል።

የወንዝ ዓሣ ለማኖር ለሚያስቡ፣ ከዓባይ ልጆች መካከል ለመስታወት የሚስማሙ አሉ። ሰውነቱ ረዘም ያለው፣ በጀርባው ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደሩ ትናንሽ ክንፎች ያሉት ፖሊፕቴሩስ የሚባለው ዓሣ ከውኃው ወለል ብቅ እያለ አየር ስለሚተነፍስ ሙቀትን ይታገሣል፤ ሰፊ ገንዳ ግን ይሻል፤ ትንንሾቹንም ይውጣቸዋል። ጀርባውን ወደ ታች አዙሮ የሚዋኘውን የአምባዛ ዘመድ የጥንት ግብፃውያን በመቃብሮቻቸው ግድግዳ ላይ በዚሁ አኳኋን ሥለውታል። ፈሃካን ግን ተዉት፤ ከክንድ የሚጠጋ ይሆናል፣ አብሮት ያለውንም ሁሉ ይናከሳል። ለልጆች ገፒ ይበቃል።

የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት፣ ክሎሪኑ እስኪተን በሰፊ ዕቃ አንድ ቀን ከሌሊቱ ሳይከደን መቆየት አለበት። በአንዳንድ ከተማ ከአሞንያ ጋር ተዋሕዶ የሚሰጥ ክሎሪን ስላለ፣ ያ በማሳደር አይወጣምና ለዚሁ የተሠራ መድኃኒት ይጨመርበታል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ጥቁር ዓባይ የደጋችንን አፈር ተሸክሞ ሲያልፍ ውኃው እንደ ቡና ይጠቁራል። ከወንዙ መቅዳት ግድ ከሆነ፣ ሱዳኖች ዚር በሚሉት የሸክላ ጋን አሳድሮ፣ በማግስቱ ዝቃጩን ሳያናውጡ ከላይ የጠራውን መቅዳት ነው። አዲስ ገንዳ ሲዘጋጅ ዓሦችን በአንድ ቀን ሞልቶ አለመክተት ነው፤ ከኩሳቸው የሚወጣውን አሞንያ የሚያረክሱት ጥቃቅን ሕዋሳት በጠጠሩ ላይ እስኪራቡ ድረስ ብዙ ሳምንት ይወስዳል። በባሕር ውኃ ውስጥ አሞንያ ይበልጥ መርዛማ መሆኑንም በዚሁ እናስታውስ።

ከሁሉ በፊት ግን ሻጩን «ይህ ዓሣ እስከ አሁን በምን ውኃ ውስጥ ነበር? ሲያድግስ በምን ውኃ ይኖራል?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ባሕሪ ነው» ቢል፣ «ከየትኛው ባሕር፣ ከዓባይ ወይስ ከቀይ ባሕር?» ብሎ ደግሞ መጠየቅ ነው። ዓሣው በላስቲክ ከረጢት ሆኖ ሲመጣ ከነከረጢቱ በገንዳው ላይ ሩብ ሰዓት ያህል አንሳፎ ሙቀቱን ማስተካከል፣ ከዚያም በየአምስት ደቂቃው አንድ አንድ ስኒ የገንዳ ውኃ ወደ ከረጢቱ መጨመር ነው። ከረጢቱ በእጥፍ ሲሞላ ዓሣውን በመረብ አውጥቶ ወደ ገንዳው ማስገባት፣ የከረጢቱን ውኃ ግን ወደ ገንዳው ሳይገለብጡ መድፋት ነው።